ጭራቁ ይበላል

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት ልጄን ሶልያናን ይዤ እናቴ ዘንድ አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። ልጅቷ ሲቀላ ሠፈር ባለው የድሮ ቤታችን በረንዳ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ በአንድ እጇ ማንጎ ይዛ እየመጠጠች የአማርኛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ድንገት ቀና አለችና «ማሚ፣ ‹ይመታል› የሚለውን ቃል አጥብቀሽና አላልተሽ ዓረፍተ ነገር ሥሪበት ይላል። ምን ብዬ ልሥራ?» አለችኝ። እኔ የታጠበ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ የያዝኩት አንሶላ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። አንድ ቃል እንዲህ ያስደነግጣል ወይ እንዳትሉኝ። በእኔ ዘመን ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ቃል ሰው ያስበላ ነበር።

ለረሳ ሰው ላስታውስ። ፊደላችን ብዙ ነገር ይችላል፣ ይህን ግን አይችልም። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መቺ ነው፤ ዱላው እጁ ላይ ነው። ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ ነው፤ ዱላው ጀርባው ላይ ነው። «ይበላል»ም እንደዚያው ነው፤ ሲላላ በዪ፣ ሲጠብቅ ተበዪ። ወረቀት ላይ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው የተናጋሪው ከንፈር ላይ ብቻ ነው። የእኛን ቤት ሊበትን አንድ ሐሙስ የቀረው ያ የከንፈር ነገር ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ሁለት አማርኛ ነበር። አንዱ የአባዬ ነው። አባዬ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ አማርኛው እንደ ሸሚዙ ኮሌታ የተተኮሰ ነው። ሌላው የእማዬ ነው። እማዬ የደጋዋ የጨንቻ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ሲቀላ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየገዛች ነው። ስለዚህ ዋጋ መከራከር ላይ ማንም አይችላትም፣ ወንድና ሴት መለየት ላይ ግን ደከም ትላለች። ታናሽ እህቴን «ሚሚ መጣ፣ በሩን ክፈቱለት» ትላታለች። አባዬ «ልጄን ወንድ አደረግሽብኝ!» ብሎ ይስቃል። ሲስቅ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻው ነው፤ ድምፁ ኋላ ነው የሚመጣው። እማዬ ደግሞ አትቀየምም። «አንተ ሳቅ፤ ልጁ እንደሆነ ገባው» ትለዋለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰው ሲያፈዝ፣ እማዬ ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር ሰሌን አንጥፋ ጥጥ ትፈትላለች። የጨንቻ ሴት በሰንበትም እጇ ሥራ መፍታት አይወድም። እኔና ሚሚ፣ ከእኛም ጋር የጎረቤታችን የወይዘሮ አልጋነሽ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ሱዚውንም ቆርኪውንም ትተን እንከባታለን። ነፋሱ ከሐይቁ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ከሥራችን የወደቀው ማንጎ ፀሐይ አብስሎት ጠጅ ጠጅ ይሸታል። አባዬ ከውስጥ መስኮቱ ሥር ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። እንዝርቱ ዝርርር ሲል እናውቃለን፤ ተረት ሊጀመር ነው።

አሁን ሳስበው የእማዬ ተረት፣ ታሪኩ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። አንድ ጭራቅ አለ፣ አንዲት ልጅ አለች፣ ጫካ አለ፤ በቃ። ጉዱ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ለጭራቁ ቋቁጬ የሚል ስም ሰጥታዋለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ በአማርኛም በጋሞኛም ትርጉም የለውም። ስሙ ብቻውን ግን ጥርስ ነበረው። ቋቁጬ የሚኖረው በሁለቱ ሐይቆች መካከል ካለው ጫካ ነው። ሲራመድ ቋ! ቋ! ቋ! ይላል። ሲረግጠው እንጨቱ ቀጭ! ይላል። ሲናገር ደግሞ ጠጣር ጠጣሩን ፊደል እየመረጠ ነው፤ «ቆርጬ፣ ቆርጥሜ፣ ቀርጥፌ፣ ጨምቄ፣ ጨርሼ!» እማዬ ይህን ስትል ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። እኛ አጥንታችን የተሰበረ ይመስለን ነበር፤ ሚሚ ጉልበቷን በሁለት እጇ ትይዛለች።

ልጅቷ ሉሌ ትባላለች። ሉሌ ስትመጣ የእማዬ አፍ ቅቤ የተቀባ ይመስል ይለሰልሳል። እንዝርቷን ታዘገየዋለች። «ሉሌ በማለዳ፣ በለምለሙ ሜዳ፣ ሜዳ ለሜዳ…» ስትል በዚያ ሙቀት መሃል የጨንቻ ጉም ፊታችን ላይ የወረደ ያህል ይቀዘቅዘናል። ሉሌ ቆንጆ ናት አላለችንም፤ ደግ ናትም አላለችን። ጸጉሯ እንዲህ፣ ዓይኗ እንዲያ አላለችም። ግን ሁላችንም ሉሌን እናውቃታለን፤ ከ«ለ»ና ከ«መ» ነው የተሠራችው። ቋቁጬንም እንደዚሁ መልኩን ሳትነግረን ነው ያሳየችን። ዛሬ የልጆች መጽሐፍ ላይ ጭራቅ በሥዕል፣ በቀንድና በቀይ ዓይን ሲመጣ ሳይ ይገርመኛል። የእማዬ ጭራቅ ያለ ሥዕል ነው ሽንታችንን ያስመለጠን።

ተረቱ ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ቋቁጬ ሉሌ ፊት ይደርሳል፤ አፉን ይከፍታል፤ ጫካው ጭጭ ይላል። ከዚያ እማዬ ከሆዷ ድምፅ አውጥታ፣ «ቋቁጬ ይበላል!» ትላለች። ምን ዋጋ አለው፣ ያቺን ቃል ታጠብቃታለች! ያ ሁሉ ቆርጥሜ ቀርጥፌ መጥቶ መጥቶ፣ ጭራቁ ሊበላ አፉን ሲከፍት ራሱ ተበላ። ይህን ጊዜ አባዬ ከመስኮቱ «አንቺ ሴትዮ፣ ጭራቁን አስበላሽው እኮ!» ብሎ ይጮኽና ሳቁ ይለቀቃል። እማዬ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ትሰማዋለች፤ «አንተ ሳቅ፤ ልጁ እንደሆነ ገባው» ትላለች። እኛም እንስቃለን። ሲያንቀጠቅጠን የነበረው ፍርሃት በአንዴ ሳቅ ሲሆን ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ይህች የጠበቀች ቃል ኋላ ላይ መድኃኒታችን ሆነች። ውሻ ሲያባርረን፣ ጤና ጣቢያ መርፌ ሲቀርብልን፣ መምህር አለንጋ ይዞ ሲገባ፣ ከንፈራችንን ጨምቀን «ቋቁጬ ይበላል!» እንላለን፤ አጥብቀን። የአልጋነሽ ልጆች ከሁላችንም አብልጠው ይጮኹ ነበር። ሚሚማ በእንቅልፏም ትለዋለች።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘለቀ ቤታችን መጣ። ጋሽ ዘለቀ ጫኖ መንደር ሙዝ የሚያለማ፣ ደግ ሰው ነበር፤ ሊቀመንበርነቱም ከሙዙ እኩል የወረደበት ሸክም ነው። ከማዕከል ትልቅ ካድሬ ይመጣል፣ ሰልፍ አለ፣ መፈክር የምታስተጋባ ሴት ጠፋች አለ። ወደ እማዬ እያየ «ይቺ ሴት ልጆቿን ስትጣራ ላይኛው ከተማ ሴቻ ድረስ ይሰማል» ብሎ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። እምቢ ማለት ደግሞ በዚያን ጊዜ ልብስ አይደለም፣ ማንም አይለብሰውም። መፈክሩ ቀላል ነው፤ እሷ «አድኃሪን ማን ይመታል?» ትላለች፤ ሕዝቡ «አብዮት ይመታል!» ይላል።

ጋሽ ዘለቀ እንደወጣ አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬን አስቀምጦ ማስጠናት ጀመረ። እንዲያ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። «ላላ አድርጊው የኔ እመቤት፣ ላላ። ካጠበቅሽው እኮ አብዮቱን አስደበደብሽው!» ይላል። እማዬም ደጋግማ አለችው። እራት ሳይቀርብ ቃሉ ከአፏ ልስልስ ብሎ መውጣት ጀመረ፤ ላልቶ። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባዬ እፎይ ብሎ የቀረበለትን ፎሰሴ በላ፤ ሌላ ጊዜ የበቆሎውን እንክብል ከሽፈራው ቅጠሉ እየለየ ነበር የሚበላው፣ ያን ቀን ግን አልለየም።

የሰልፉ ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሜዳው ላይ ከእንጨት መድረክ ሠርተዋል። እማዬ ነጭ ለብሳ ማይክራፎኑ አጠገብ ቆማለች፤ እኛ ከአባዬ መሥሪያ ቤት ሰልፈኞች ጋር ፊት ነን። መጀመሪያ ካድሬው ሳይመጣ አንድ ጊዜ አስተጋባች፤ «አድኃሪን ማን ይመታል?» ላላ! ሕዝቡም ተቀበለ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ፤ በእጁ የያዛትን እጄን ጨበጥ አደረጋት። አጨባበጡ የኩራት ነበር።

ከዚያ ካድሬው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ ሰው ነው። ባለ ብረት ቡትስ ተጫምቶ ሳንቃው ላይ ሲራመድ ቋ! ቋ! ቋ! አለ። ሚሚ ዘላ ጉልበቷን ያዘች። ሰውየው ማይክራፎኑን ጨበጠና ንግግር ጀመረ፤ ጠላትን ቆርጠን፣ ቀጥቅጠን፣ ጨፍልቀን፣ ጠራርገን… እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ስለ ፖለቲካ የማውቀው አልነበረኝም፤ ይህን አፍ ግን አውቀዋለሁ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ! እሑድ እሑድ ማንጎ ሥር የምሰማው አፍ ነው። ጭራቅ በቀን፣ በፀሐይ፣ ሕዝብ እያጨበጨበለት ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ደነገጥኩ።

ንግግሩ አልቆ ሰውየው እማዬን በጣቱ ጠቀሳት። እማዬ ወደ እሱ ዞራ አየችው። ከዚያ ግራ እጇን አነሣች፤ «ማን ይመታል?»

ጠበቀ። አባዬ እጄን ለቀቀ። ሕዝቡ ደግሞ አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው፣ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ የሰማውን ነው የሚመልሰው፤ «አብዮት ይመታል!» አለ፤ እሱም አጥብቆ። «ማን ይመታል?» «አብዮት ይመታል!» ጋሽ ዘለቀ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮሃል። ሜዳው ሙሉ ሰው ግራ እጁን አንሥቶ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ አብዮቱ እንደሚደበደብ ያውጃል! የመሥሪያ ቤት ሰዎች ብቻ ጭጭ ብለው እግራቸውን ያያሉ። ካድሬው ማጨብጨቡን አቆመ።

እማዬን ከመድረኩ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወሰዷት። አባዬ እኔንና ሚሚን እየጎተተ ተከተለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የኬሮሲን ሽታ አለው። ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እማዬ ፊቱ ቆማለች። «ጌታዬ» ስትለው «ጌታ የለም፤ ጓድ በይ» አላት። እሷም ተርበትብታ «እሺ ጌታዬ ጓድ» አለች። ጋሽ ዘለቀ ምን ጥፋት እንዳለ ጭራሽ አልገባውም። «ጓድ፣ እኔም እኮ ይመታል ነው ያልኩት። ምን ስሕተት አለው?» አለ፤ እሱም አጥብቆት። ከዚያ የሚያድናት መስሎት፣ «ደግሞ ዝም ብላ አልመጣችም፣ ባሏ ነው ያስጠናት፣ እሱ የተማረ የሰሜን ሰው ነው!» ብሎ ጨመረ።

ካድሬው ቀስ ብሎ ወደ አባዬ ዞረ። አማርኛ አፍህን የፈታህበት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አባዬ አዎ አለ። «እሷስ ላታውቅ ትችላለች። አንተ ግን ታውቃለህ። አሻጥር የሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዴት ብለህ ነው ያስጠናሃት?» አለው።

ነገሩ ለእኔ ለልጅ እንኳ ገባኝ። አባዬ «አላልቼ አስጠናኋት» ካለ፣ እማዬ እያወቀች አጥብቃለች ማለት ነው፤ አለቀላት። «አጥብቄ» ካለ እሱ አለቀለት። አባዬ በውሸት የማይቀልድ ሰው ነበር፤ ለአንዲት ከረሜላ ዋሽቼ በኩርኩም ያነሣኝን አልረሳም። እንግዲህ ያ ሰው ኮሌታውን አስተካክሎ፣ «እንደሰማኸው አጥብቄ ነው ያስጠናኋት ጓድ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እማዬ ቀና ብላ አየችው። ጥበቃው ክንዱን ያዘና ወደ ጓዳው በር ገፋ አደረገው። በሩ ሲከፈት ውስጡ ጨለማ ነበር።

ይህን ጊዜ ሚሚ ዓይኗን ጨፍና፣ ጡጫዋን ጨብጣ፣ በምታውቀው መድኃኒት ጮኸች፤ «ቋቁጬ ይበላል! ቋቁጬ ይበላል!»

ጥበቃው ቆመ። ካድሬው «ምን አለች? ቋቁጬ ማን ነው?» አለ። ጋሽ ዘለቀ ላቡን ጠረገ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተረት ነው ጌታዬ፤ ለልጆች ነው የማወራው» አለችው። ካድሬው በጥርጣሬ አያት፤ እስቲ አውሪው፣ እንስማው አላት።

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አጠበቀችና ጀመረች። መቼም እንዲያ አድርጋ አውርታ አታውቅም። ሉሌ በማለዳ፣ በለምለሙ ሜዳ ስትል ያ ኬሮሲን ኬሮሲን የሚል ክፍል ለሰለሰ። ጥበቃው የአባዬን ክንድ ለቀቅ አደረገ። ከዚያ ቋ! ቋ! ቋ! አለች። ቀጭ! አለች። ቆርጬ፣ ቆርጥሜ፣ ቀርጥፌ፣ ጨምቄ ስትል ጋሽ ዘለቀ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አሸሸ። ካድሬው ራሱ ቡትሱን ወደ ጠረጴዛው ሥር ሰበሰበ። እማዬ ዓይኑን እያየች፣ አፏን ከፍታ፣ ከሆዷ አውጥታ «ቋቁጬ ይበላል!» አለች፤ ጥብቅ አድርጋ።

ከዚያ ካድሬው በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛውን እየመታ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይበላል? ራሱ ጭራቁ ነው የሚበላው?» ይላታል። እማዬ እንደ ሞኝ እያየችው «አዎ ጌታዬ፣ ሁሉን ይበላል» ትላለች፤ አሁንም አጥብቃ። እሱ የባሰውን ይስቃል። በመጨረሻ ዓይኑን ጠርጎ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ባልሽንም ውሰጂ አለ። ጋሽ ዘለቀን ግን ይቺን ሴት ሁለተኛ ማይክራፎን አጠገብ እንዳላያት ብሎ አስጠነቀቀው። አባዬ እስከ በራችን ድረስ የእማዬን እጅ ይዞ ሄደ፤ በአደባባይ እጇን ሲይዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ እሑድ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። እንዝርቱ ዝርርር አለ፤ ሉሌ መጣች፤ ቋቁጬም መጣ። ሁላችንም ለመሳቅ አፋችንን አዘጋጅተን እንጠብቃለን። እማዬ አፏን ከፈተች፤ «ቋቁጬ ይበላል።»

ላላ።

እንዴት እንደሆንን ልንገራችሁ? የምንስቅበት ቦታ ጠፋን። ጭራቁ አፉን ከፍቶ ከፊታችን ቆሟል፤ የሚያቆመው የለም፤ ይበላል። ሚሚ ድምፅዋን ለቅቃ አለቀሰች። የአልጋነሽ ታላቁ ልጅ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሬዲዮኑን ይነካካል። አልሳቀም። ፍርሃት በአንድ ቀን አማርኛ አስተማራት ብለን ደመደምን፤ በሰልፉም ያጠበቀችው ሰው በዝቶባት፣ ደንግጣ ነው አልን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቋቁጬ በእውነት ይበላ ጀመር። ብዙ ሳይቆይ ተረቱም ቀረ። የአልጋነሽ ልጆች ትንሽ ከፍ እንዳሉ ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሱ፤ ሁለቱም አልተመለሱም። ማንጎው ሥር የሚጮህ ልጅ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ባለፈው ፋሲካ ለሶልያና እየነገርኳት፣ እማዬ እዚያው በረንዳው ጥግ ጥጧን ትፈትል ነበር። ጆሮዋ ደክሟል፤ አትሰማም ብዬ ነው። ስጨርስ ሳቅ አለችና፣ «አባትሽ ሲላላ ሲጠብቅ በሠርጋችን ዓመት ነው ያስተማረኝ። የማላውቅ መሰለሽ?» አለችኝ።

አልገባኝም። ታዲያ ቋቁጬን ለምን ታጠብቂው ነበር አልኳት።

«ለልጆቼ የሚበላ ጭራቅ ላውራ? ምን ሲደረግ!» አለች። «አባትሽ ደግሞ ይስቅ ነበራ። አውቄ ነው ብለው ኖሮ ሳቁ ይቀርብኝ ነበር።»

አንሶላው አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ማንሣት አልቻልኩም። የሰልፉስ አልኳት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ሰውየው እንጨቱ ላይ ቋ ቋ ቋ አለ። ቆርጠን፣ ቀጥቅጠን አለ። ቋቁጬ መጣ አልኩ በልቤ። ለቋቁጬ የምለውን አፌ ራሱ አለ፤ እኔ አላልኩም።» እንዝርቷን መልሳ አነሣችና፣ «ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ግን አውቄ ነው» አለች።

ልጅ ሆኜ በሰልፉ፣ በጽሕፈት ቤቱና ማንጎው ሥር ሦስት ጊዜ የደነገጥኩ ይመስለኝ ነበር፤ ዋናው ድንጋጤ እስከ ጉልምስናዬ ቆይቶልኝ ኖሯል። ያ ሰው እንባው እስኪወርድ የሳቀው በራሱ ላይ ነበር! እሷ ዓይኑን እያየች ትበላለህ ብላዋለች፤ እሱ ደግሞ የአማርኛ ድክመት መስሎት ነፃ ለቀቃት። እንደዚህ ያለች ሴት እኮ ናት «በሩን ክፈቱለት» እያለች ያሳደገችኝ። ከዚያ በኋላስ ለምን አላላሽው ስላት፣ ዓይኗን ወደ አልጋነሽ አጥር መለሰች። «ከዚያማ እየበላ ነበራ» አለች። «ከእነሱም በፊት የስንቱን ሰው ልጅ ሲበላ እያየሁ፣ ምን ብዬ ላጥብቅ?»

ዛሬ መድረኩ የነበረበት ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሟል። ባጃጁ ሌላ ቋንቋ ይጮሃል፤ ልጆች ጭራቅ የሚያዩት ስልክ ላይ ነው፣ ድምፁንም ቀንሰው ነው። ማጥበቅና ማላላት የቤት ሥራ ሆኗል፤ የሚሳሳት ልጅ ቢበዛ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ተመስገን ነው። ሆኖም ሶልያና መጽሐፏን ዘግታ «እማማ፣ ቋቁጬን ንገሪኝ» ስትል፣ በዚያ ዘመን ከነበረን ሁሉ መቅረቱ የሚቆጨኝ ያ ተረት እንደሆነ አወቅኩ።

እማዬ ጀመረች። ድምፅዋ አርጅቷል፤ ቋቁጬ ግን አላረጀም። ሉሌ በማለዳ አለች፤ ቋ ቋ ቋ አለች፤ ልጄ ጉልበቷን ስትይዝ አየሁ። እማዬ አፏን ከፈተች። «ቋቁጬ ይበላል!» አለች።

ጠበቀ። ከስንት ዓመት በኋላ!

እንደ ድሮው ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ጠበቀች። አባዬ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ከመስኮቱ የሚመጣ ነገር የለም። እሷ ግን ትጠብቃለች። እኔ ብድግ ብዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። የአባዬ ወንበር አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጭራቁን አስበላሽው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ሳቅ» አለች እማዬ ከውጭ። «ልጁ እንደሆነ ገባው።»